ስናፕሾት ወይስ ኢሜጅ? ለአንድ የደሴ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት፣ የኮፒና የኢንተርኔት አገልግሎት እሰጣለሁ። ደንበኞች የሚጠቀሙባቸው ስምንት ኮምፒውተሮች አሉኝ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ዴል፣ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ ያላቸው፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነባቸው ናቸው። ሒሳብ የምሠራበት ፒችትሪ ያለበት አንድ ኮምፒውተር ለብቻው አለ። በቅርቡ ደግሞ ዊንዶውስ 11 ያለው ላፕቶፕ ገዛሁ። በየሳምንቱ ከስምንቱ አንዱ በፍላሽ ቫይረስ ይበላሻል፤ ፎርማት ይደረጋል፤ ግማሽ ቀን ይባክናል። አንዱ ዲፕ ፍሪዝ ግዢ ይለኛል፣ ሌላው ሮልባክ፣ ሌላው አክሮኒስ፤ በነጻ የሚሠራ ክሎንዚላ አለ የሚለኝም አለ። ለሁሉም የሚሆን አንድ ፕሮግራም ቢመርጡልኝ? ከስምንቱ አንዱ ሰሞኑን እየዘገየ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ጀምሯል፤ እሱንስ ሳይሞት ኢሜጅ ላድርገው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ጠቅ ጠቅ የሚለውን ኮምፒውተር ያጥፉት። ያ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የሃርድ ዲስኩ አንባቢ ክንድ ቦታውን ማግኘት አቅቶት ደጋግሞ ሲመላለስ የሚሰማ ነው፤ በበራ ቁጥር ይብስበታል። ኢሜጅ (የዲስኩን ሙሉ ቅጂ) መውሰድ ማለት ደግሞ በዲስኩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ያለ ዕረፍት ማስነበብ ነው፤ ለታመመ ዲስክ ከዚህ የከፋ ሥራ የለም። ክሎንዚላም የማይነበብ ሴክተር (የዲስኩ ትንሽ ቁራጭ) ሲያጋጥመው ሥራውን አቋርጦ ያቆማል። እየዘለለ እንዲቀጥል የሚያዝ አማራጭ አለው፤ በዚያ መንገድ የተወሰደ ኢሜጅ ግን ጎዶሎ ዊንዶውስ ነው የሚሰጥዎት። ዲስኩ ላይ የሚፈለግ ሰነድ ካለ ዲስኩ ወጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ይገጠም፤ በጣም አስፈላጊው ፋይል መጀመሪያ ይቀዳ፤ ከዚያ ዲስኩ ይጣል። ሰነዱ ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ ይህንንም አይሞክሩ፤ ለሚችል ሰው ይስጡት። ምንም ሰነድ ከሌለበት ግን አይድከሙ፤ ኮምፒውተሩ አዲስ ዲስክ ገብቶለት ከጤነኞቹ የአንዱን ኢሜጅ ይቀበላል። የሌሎቹንም ጤና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይዩት። «ሪአሎኬትድ» እና «ከረንት ፔንዲንግ» በሚሉት ሁለት መስመሮች ላይ ከዜሮ በላይ ከተቆጠረ፣ ያ ዲስክ የኢሜጅ ምንጭ መሆን የለበትም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልለፍ። ለሁሉም የሚሆን አንድ ፕሮግራም አልመርጥልዎትም፤ የሦስቱ ዓይነት ኮምፒውተሮችዎ ችግር የተለያየ ነውና። የስምንቱ ችግር ሰው ነው፤ ፍላሹን ይዞ የሚገባ ተማሪ፣ ምን እንደሆነ የማያውቀውን ፕሮግራም የሚጭን ጎረምሳ። የሒሳቡ ኮምፒውተር ችግር ዲስክና መብራት ነው። የላፕቶፑ ችግር ገና አልታየዎትም፤ በቦታው እነግርዎታለሁ። የተጠሩልዎት ስሞች ግማሾቹ የመጀመሪያውን፣ ግማሾቹ ሁለተኛውን ችግር የሚፈቱ ናቸው፤ ሻጮች ግን አንድ ረድፍ ላይ አሰልፈው «ይህ ከዚያ ይሻላል» ይላሉ።

ልዩነታቸው የስናፕሾትና የኢሜጅ ልዩነት ነው። ስናፕሾት ዲስኩን አይገለብጥም። በዚህች ሰዓት ዲስኩ እንዲህ ነበር ብሎ ካርታ ይይዛል። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ሲለወጥ አሮጌው ቁራጭ እንዳይጠፋ ይጠብቃል፤ መመለስ ሲፈልጉ ካርታውን ወደ ኋላ ያዞረዋል። በሰከንዶች ተወስዶ በደቂቃ የሚመለሰው፣ ሲጀምርም ብዙ ቦታ የማይፈጀው ለዚህ ነው። ካርታውም አሮጌው ቁራጭም የሚቀመጡት ግን እዚያው ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ሲሞት መቶ ስናፕሾት ቢኖርዎትም መቶውም አብሮ ይሞታል። ኢሜጅ ደግሞ የዲስኩን ይዘት የማስነሻውን ክፍል ጨምሮ ወደ ሌላ ዲስክ የሚያወጣ ሙሉ ቅጂ ነው። ለመውሰድም ለመመለስም ጊዜ ይፈልጋል፤ በምትኩ ባዶ ዲስክ ላይ ኮምፒውተሩን ከምንም ያስነሣል።

ስለዚህ ዲፕ ፍሪዝ ይግዙ ያለዎት ሰው፣ ስለ ስምንቱ ኮምፒውተሮች ብቻ እያወራ ከሆነ፣ አልተሳሳተም። ይህ የካናዳው ፋሮኒክስ ፕሮግራም በትምህርት ቤቶችና በኢንተርኔት ቤቶች ዘንድ ከቆየ የታወቀ ነው። ሲ ድራይቭን አንዴ ካቀዘቀዙት በኋላ የሚጻፍበት ሁሉ ጊዜያዊ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ያ ሁሉ ይረሳና ያቀዘቀዙት ዊንዶውስ እንደነበረ ይመጣል። በፍላሽ የገባው የሾርትከት ቫይረስም አብሮ ይሄዳል። ለእርስዎ ቤት ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል ያሰኛል። ግን ደሴ ላይ መብራት ሳይናገር እንደሚሄድ ያውቃሉ። አንድ የዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጦ ሲያርም መብራት ቢጠፋ፣ ሲመለስ ፋይሉ የለም፤ «ሪሳይክል ቢን» ውስጥም የለም፤ የትም የለም። ጠቡ ከእርስዎ ጋር ነው። ስለዚህ ዲስኩ ለሁለት ይከፈል፤ ሲ ይቀዝቅዝ፣ ዲ ሳይቀዘቅዝ ይቅር። «ዴስክቶፕ» እና «ዶክመንትስ» የሚባሉት አቃፊዎች መገኛቸው ወደ ዲ ይዛወር፤ በአቃፊው ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ» ከዚያ «ሎኬሽን» ቢሉ ይገኛል። ወርድ በየጥቂት ደቂቃው በራሱ የሚያስቀምጠውንም እዚያ ዲ ላይ እንዲያደርገው ያዙት።

ሌላው ጣጣ ማሻሻያ ነው። የቀዘቀዘ ኮምፒውተር የጸረ ቫይረሱን አዲስ መረጃ ቀን ያወርዳል፣ ማታ ይረሳል፣ ጠዋት እንደገና ያወርዳል፤ የኢንተርኔት ክፍያዎን እየበላ። ፕሮግራሙ የጥገና ሰዓት ማስያዣ አለው፤ በሳምንት አንድ ሌሊት ቀልጦ ማሻሻያውን ተቀብሎ ተመልሶ እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ይቻላል። ያን ሌሊት ግን ኮምፒውተሩ በርቶ ማደር፣ መብራቱም መኖር አለበት።

ገንዘቡ ከበዛብዎትስ? ዊንዶውስ ራሱ ዩኒፋይድ ራይት ፊልተር የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለው፤ የተሰጠው ግን ለኢንተርፕራይዝና ለኤዱኬሽን ዕትሞች እንጂ ለሆምና ለፕሮ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለእርስዎ ዓይነት ቤቶች በነጻ ያቀርበው የነበረው ስቴዲስቴት ከኤክስፒና ከቪስታ አላለፈም፤ ፍላሽ ላይ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ይመልሱት። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከማቀዝቀዣው በፊት ነጻ የሆነውን አደርጋለሁ። ደንበኞች የሚገቡበት መለያ የአስተዳዳሪ መብት አይኑረው፤ «ስታንዳርድ» ይሁን። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በእርስዎ እጅ ብቻ ይቆይ። ይህ አንድ ለውጥ የጎረምሳውን ፕሮግራም ጭነት አብዛኛውን በር ላይ ይመልሰዋል። ብዙ ኢንተርኔት ቤቶች ግን ስምንቱንም ኮምፒውተር ያለ ይለፍ ቃል በአስተዳዳሪ መለያ ከፍተው፣ ከዚያ ጥበቃ የሚሆን ፕሮግራም ሊገዙ ይወጣሉ፤ ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሮልባክ አርኤክስ ሌላ ነገር ነው። እንደ ዲፕ ፍሪዝ ሁሉን በየዕለቱ አይረሳም፤ የፈለጉትን ያህል ስናፕሾት ይይዝልዎትና ወደ ማክሰኞ ጠዋት ወይም ወደ ሐሙስ ማታ መመለስ ይችላሉ። የግል ኮምፒውተሩን በየጊዜው ለሚሞክርበት ሰው ደስ ይላል። የማይመቸኝ፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣ የራሱ ንብርብር ዲስኩ ላይ መትከሉ ነው። ዊንዶውስ የሚያየው ዲስክና ከውጭ በዩኤስቢ ተነሥቶ የሚታየው ዲስክ አንድ አይሆኑም፤ ከውጭ ሲያዩት ፕሮግራሙ የተጫነበትን ዕለት መልክ ያሳያል። በዚያ ሁኔታ ከውጭ ኢሜጅ ቢወስዱ የወሰዱት የዛሬውን ዊንዶውስ ላይሆን ይችላል። አንድ ባለሙያም ሳያውቅ ከውጭ ተነሥቶ ዲስኩን «ልጠግን» ቢል ካርታውን ያበላሸዋል፤ ከካርታው ጋር ሁሉም ይሄዳል። መብራት ሳይናገር በሚቋረጥበት ከተማ ሒሳብ በተያዘበት ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ ንብርብር እንዲኖር አልፈልግም።

የዊንዶውስ የራሱ «ሲስተም ሪስቶር» አለ፤ በነጻ፣ ያለ ምንም ጭነት። የሲስተም ፋይሎችን፣ ሬጅስትሪውን (የዊንዶውስን የቅንብር መዝገብ)፣ ድራይቨሮችን ይመልሳል፤ የጻፉትን ሰነድ አይነካም። የፕሪንተር ድራይቨር ጭነው ኮምፒውተሩ ሲያብድ ጥሩ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ጠፍቶ ነው የሚገኘው፤ ያብሩት። ፋይል ቆልፈው ቤዛ የሚጠይቁት ቫይረሶች ግን ሥራ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚሰርዙት እነዚህን የመመለሻ ነጥቦች ነውና ከዚህ በላይ አይተማመኑበት።

አሁን ወደ ኢሜጁ። በየሳምንቱ ግማሽ ቀን የሚበላብዎት ፎርማት ሳይሆን ከፎርማት በኋላ ያለው ጭነት ነው፤ ድራይቨሩ፣ ኦፊሱ፣ ፓወር ግዕዙ፣ ፕሪንተሩ፣ ስካነሩ። ኮምፒውተሮቹ አንድ ዓይነት መሆናቸው ትልቅ ሀብት ነው፤ አንዱን አጥርተው ቢያዘጋጁ ለስምንቱም ያገለግላል። ለዚህ ክሎንዚላ ይበቃዎታል። ነጻ ነው፤ በሊኑክስ ላይ የተሠራ ሆኖ ከፍላሽ ይነሣል፤ የሚቀዳውም ዲስኩ ላይ የተጻፈበትን ክፍል ብቻ ነው። 500 ጂቢ ዲስክ ላይ 60 ጂቢ ብቻ ከተያዘ ኢሜጁ ተጨምቆ ከ60 ጂቢ ያንሳል። መልኩ ያስፈራል፤ ሰማያዊና ግራጫ ገጽ፣ ማውዝ የለም። የሚያስፈራዎት ከሆነ ሪስኪውዚላ የሚባል መስኮትና ማውዝ ያለው ወንድም አለው፤ የክሎንዚላን ኢሜጅም ያነባል። ኢሜጁን ለመመለስ ሠራተኛዎ ራሷ እንድትችል ከፈለጉ ሪስኪውዚላን ነው የምመርጥልዎት።

አዘገጃጀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነውና። ክሎንዚላ ኢሜጁን ከተወሰደበት ዲስክ በመጠን ላነሰ ዲስክ በቀላሉ አይመልስም፤ የተጻፈው 60 ጂቢ ብቻ ቢሆንም እንኳ። ወደፊት ሃርድ ዲስኮቹን አውጥተው 240 ጂቢ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) እንደሚያስገቡ አልጠራጠርም፤ ቢያደርጉትም ለእነዚያ ዴሎች ከየትኛውም ፕሮግራም የበለጠ ውለታ ነው። እንግዲያው ናሙናውን ኮምፒውተር ከመጀመሪያው በትንሹ ኤስኤስዲ ላይ ያዘጋጁት። ከትንሽ ወደ ትልቅ መመለስ ችግር የለውም፤ የተረፈው ቦታ በኋላ ይጨመራል። ሲ 120 ጂቢ፣ የቀረው ዲ ቢሆን ይበቃል። ዊንዶውስ፣ ድራይቨር፣ ኦፊስ፣ የአማርኛ መጻፊያ፣ ፕሪንተርና ስካነር፣ ብሮውዘር፤ ሁሉም ተጭኖ፣ ተሞክሮ፣ አንድ ገጽ በአማርኛ ተጽፎ፣ ታትሞ ይታይ። ከዚያ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለውን ያጥፉ። ይህ በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ሲዘጋ በእውነት አይዘጋም፤ ግማሹ ተኝቶ ነው የሚያድረው፤ ክሎንዚላም እንዲህ ያለውን ዲስክ አልነካም ይላል። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የሺፍት ቁልፍ ተጭነው «ሻት ዳውን» ማለትም ይሠራል።

ኢሜጁን የሚያስቀምጡበት ውጫዊ ዲስክ ከኋላ ወይም ከፊት ባለው ሰማያዊ ምላስ ያለው ቀዳዳ ላይ ይሰካ። በዩኤስቢ 2.0 በኩል 60 ጂቢ ለማለፍ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ በዩኤስቢ 3.0 ግን አሥር ደቂቃ አካባቢ ነው፤ መብራት በሚሄድበት አገር የሁለቱ ልዩነት ቀላል አይደለም። ክሎንዚላ ሲጠይቅዎት ከዲስክ ወደ ኢሜጅ የሚለውን ይምረጡ፤ ከዲስክ ወደ ዲስክ የሚለውን ሲያዩ እጅዎ ይሰብሰብ። ዲስኮቹንም ሊኑክስ በሚሰጣቸው የፊደል ስም አይለዩ፤ ያ ስም ከአንዱ ማስነሻ ወደ ሌላው ሊለዋወጥ ይችላል። በመጠናቸውና በአምራቹ ሞዴል ቁጥር ይለዩ፤ የማያስፈልገውም ዲስክ ነቅሎ ይቀመጥ። ኢሜጅ ሲመለስ ተቀባዩ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። ተወስዶ ሲያልቅ ኢሜጁ ሊመለስ የሚችል መሆኑን ላረጋግጥ ወይ ይልዎታል፤ አዎ ይበሉት። ደቂቃዎች ይጨምራል፤ ግን መሀል ላይ መብራት ሄዶ የተቆረጠ ኢሜጅ ከጤነኛ ኢሜጅ በዓይን አይለይም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዴል ብቻ ያለባችሁን ሁሉ የሚመለከት ነው። ኢሜጁ ተመልሶ ኮምፒውተሩ በሰማያዊ ገጽ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ካለዎት ኢሜጁን አይርገሙት። ዴል ብዙ ጊዜ የዲስኩን አሠራር በባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት በሚነሣው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ «ሬይድ ኦን» ብሎ ይልካል፤ ናሙናው «ኤኤችሲአይ» በሚል ተዘጋጅቶ ከሆነ ሁለቱ አይግባቡም። የማስነሻው ዓይነትም፣ አሮጌው ሌጋሲ ይሁን አዲሱ ዩኢኤፍአይ፣ በስምንቱም ላይ አንድ መሆን አለበት። በዚህ ዕድሜ ያሉ ማሽኖች ደግሞ የእናት ሰሌዳቸው ባትሪ ያለቀ ነው፤ መብራት ሲቋረጥ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል፣ ትናንት ሲሠራ የዋለ ኮምፒውተር ዛሬ አልነሣ ይላል፤ ባለቤቱም «ዊንዶውስ ተበላሸ» ብሎ ለፎርማት ይከፍላል። ሲአር2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ በስምንቱም ላይ ይቀይሩ። ከሶፍትዌሩ ሁሉ በፊት ይህችን ብትገዙ ከሳምንታዊ ብልሽቶችዎ የተወሰኑት በዚያው እንደሚቀሩ እገምታለሁ።

ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ እንደተቋረጠበት ያውቃሉ። አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ለዊንዶውስ 11 ማይክሮሶፍት በይፋ ከሚቀበላቸው ውስጥ የሉም። ስለዚህ እነዚያ ስምንቱ ከእንግዲህ በፍላሽም በኢንተርኔትም ለሚመጣባቸው ነገር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ ንጹሕ ኢሜጅ በእጅ መኖሩ የቅንጦት ነገር አይደለም። ገንዘብ ሲገኝ ማቀዝቀዣውን በላዩ ይጨምሩ፤ ኢሜጁ ግን ዲፕ ፍሪዝ ከመጫኑ በፊት ይወሰድ።

ከተጠሩልዎት ውስጥ አክሮኒስ ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት መሆኑ ግን ለእርስዎ ሥራ አያዋጣም። ማክሪየም ሪፍሌክት በነጻ ይሰጥ የነበረው ዕትም እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ማሻሻያ አይደርሰውም፤ በየሱቁ የሚዞረው አሮጌው ነው። አሁንም «ጎስት አድርግልኝ» የሚል ደንበኛ ይመጣል፤ ኖርተን ጎስት ሽያጩ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ነፍሱን ይማር። በፍላሽ ተሰብሮ የሚሸጠውን ማንኛውንም የመጠባበቂያ ፕሮግራም በተመለከተ ደግሞ ጠንካራ አቋም አለኝ፤ አይጫን። ሲጫን ጸረ ቫይረስዎን እንዲያጠፉ ይጠይቃል፤ የአስተዳዳሪ መብት ይወስዳል፤ ዲስኩን በሙሉ ያነባል። ሌባን ለቤት ዘበኝነት ከመቅጠር አይለይም። ነጻና ሕጋዊ አማራጭ ባይኖር ኖሮ ችግርዎን እረዳ ነበር፤ ግን አለ።

ወደ ሒሳቡ ኮምፒውተር ስመጣ አነጋገሬ ይለወጣል። እዚህ ላይ ዊንዶውስ ቢጠፋ ነገ ይጫናል፤ የደረሰኝና የታክስ መዝገብ ቢጠፋ ግን የሚጭንልዎት የለም። ስለዚህ ማቀዝቀዣም ሮልባክም አይድረስበት። ፒችትሪ መረጃውን የሚይዘው ፐርቫሲቭ በሚባል ዳታቤዝ ነው፤ ተከፍቶ እየተሠራበት ሳለ አቃፊውን እንደ ተራ ፋይል ኮፒ ማድረግ እርስ በርሱ የማይስማማ ሒሳብ ሊሰጥዎት ይችላል። ማታ ሥራ ሲያበቃ ከራሱ ከፒችትሪ ምናሌ ባክአፕ ይውሰዱ፤ ስሙ ላይ ቀኑ ይጻፍበት፤ በትናንቱ ላይ አይደርቡት። ስሕተት አንዳንዴ የሚታወቀው ወር ቆይቶ ነውና የወሩ መጨረሻ ቅጂዎች ዓመቱን ሙሉ ይቀመጡ።

ለኮምፒውተሩ በአጠቃላይ ቪም ኤጀንት ለዊንዶውስ የሚባለውን ነጻ ዕትም እመክራለሁ። ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ ኢሜጅ ይወስዳል፤ መጀመሪያ ሙሉውን፣ ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ፤ ስለዚህ የየማታው ሥራ አጭር ነው። የወደድኩለት ሁለት ጠባይ አለው። ውጫዊውን ዲስክ ሲሰኩት በራሱ ጊዜ ሥራ እንዲጀምር ማዘዝ ይቻላል፤ ሲጨርስም ዲስኩን በራሱ እንዲያስወጣ ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የሚቆልፈው የሚያየውን ድራይቭ ሁሉ ነው፤ ቀን ከሌሊት እንደተሰካ የሚኖር መጠባበቂያ አብሮ ይቆለፋል። ሲጭኑት የማስነሻ ፍላሽ እንዲያዘጋጁ ይጠይቅዎታል፤ «በኋላ» ብለው አያልፉት። ያለ እሱ ዲስክ የሞተበትን ኮምፒውተር ማስነሣት አይችሉም።

ውጫዊ ዲስክ ሁለት ይግዙ፤ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ቤት፤ በየሳምንቱ ይቀያየሩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንዳሳለፉ ለእርስዎ አልነግርም። ኮምፒውተሩም መጠባበቂያውም አንድ ክፍል ውስጥ የነበረው ቤት ሁለቱንም በአንድ ቀን አጣ፤ ዲስኩን በቦርሳ ይዞ የወጣ ግን በባዶ ኮምፒውተር ሥራውን ቀጠለ። ሱቅዎ ፒያሳ፣ ቤትዎ ሆጤ ወይም ቧንቧ ውሃ ቢሆን ለሌብነትና ለእሳት ይበቃል። ከዚያ ለከፋው፣ ኮምቦልቻ ዘመድ ካለዎት በየሩብ ዓመቱ አንድ ቅጂ እዚያ ይደር፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደንበኞች ሰነድም ያለበት በመሆኑ የሚወጣው ዲስክ በይለፍ ቃል ይቆለፍ።

ለዚህ ኮምፒውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለባትሪ ሣጥን) ግድ ነው። የሚፈራው የመብራቱ መሄድ ብቻ አይደለም፤ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ነው። መብራት ሲሄድ ስምንቱን ከሶኬት ማጥፋት፣ ከተመለሰም በኋላ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ማብራት ልማድ ይሁን።

ይህን ሁሉ አድርገው ሲጨርሱ አንድ ሥራ ይቀራል፤ አብዛኛው ሰው የሚያልፈው እሱን ነው። ባዶ ኤስኤስዲ ገዝተው የሒሳቡን ኮምፒውተር ዲስክ ያስወጡና ባዶውን ያስገቡ፤ ከማስነሻው ፍላሽ ተነሥተው ኢሜጁን ይመልሱ። ዊንዶውስ ተነሣ? ፒችትሪ ተከፈተ? የትናንቱ ደረሰኝ አለ? ያኔ ነው መጠባበቂያ አለኝ የሚባለው። በዚህ ሙከራ አሮጌው ዲስክ ስላልተነካ የሚጠፋ ነገር የለም፤ ከተሳካም አዲሱ ዲስክ እዚያው ይሥራ፣ አሮጌው ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ሠራተኛዎ ብቻዋን እንድትሞክረውም ያድርጉ፤ ዲስኩ የሚሞተው እርስዎ ለቅሶ በሄዱበት ቀን ሊሆን ይችላል።

የቀረው ላፕቶፑ ነው። ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት መለያ ሲከፈት ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩን ሳይናገር ይቆልፈዋል። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕራይቨሲ» በሚለው ሥር «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። በርቶ ከሆነ 48 አኃዝ ያለው የመመለሻ ቁልፍ አለው፤ የሚገኘውም ላፕቶፑ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት መለያ ውስጥ ነው። ላፕቶፑን የሸጠልዎት ልጅ መለያውን በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ከሆነ ቁልፉ ያለው እሱ ዘንድ ነው። ዛሬውኑ በራስዎ መለያ ያስገቡት፤ ቁልፉንም አትመው ከንግድ ፈቃድዎ ጋር ያስቀምጡ፤ ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም።

ይህ ከኢሜጅ ጋር ምን አገናኘው ካሉ፣ ክሎንዚላ የተቆለፈን ዲስክ ውስጡን ማየት ስለማይችል ባዶውንም ጭምር ሴክተር በሴክተር ይገለብጣል፤ የ512 ጂቢ ዲስክ ኢሜጅ እስከ 512 ጂቢ ሊደርስ ይችላል። «ሴኪዩር ቡት» የሚባለው የማስነሻ ጥበቃ ክሎንዚላን አላስነሣም ሲል ባዮስ ገብተው ቢያጠፉት ደግሞ ዊንዶውስ በሚቀጥለው ማስነሻ ያን ቁልፍ ይጠይቃል። ከአሥራ አንደኛ ትውልድ ወዲህ ባሉ የኢንቴል ላፕቶፖች «ቪኤምዲ» የሚባል የዲስክ አሠራር በርቶ ከሆነም ክሎንዚላ ዲስኩን ጨርሶ ላያየው ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፑን በክሎንዚላ አይጀምሩት። እሱንም በቪም ኤጀንት ከዊንዶውስ ውስጥ ሆነው ያስቀምጡት፤ ተከፍቶ ስለሚቀዳ የተያዘውን ብቻ ይወስዳል፤ የማስነሻ ፍላሹም የራሱን ላፕቶፕ ድራይቨሮች ይዞ ይዘጋጃል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ እንዲህ የተወሰደው ኢሜጅ ራሱ የተቆለፈ አይደለም፤ ሲመለስም ዲስኩ ክፍት ሆኖ ነው የሚነሣው፤ መቆለፊያውን (ዲቫይስ ኢንክሪፕሽንን) እንደገና ማብራት የእርስዎ ሥራ ነው።